በሽታው እኔ የነበርኩበት ክረምት

አንድ ክረምት በሽታ ሆኜ ከርሜያለሁ። ታመምኩ አላልኩም፤ በሽታው እኔ ነበርኩ። የታመመችው ባለቤቴ ናት፣ ምርመራውን ያደረጉት አማቴ ናቸው፣ ውጤቱን የሰማው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ነው። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ጎረቤቶቼ ሰላምታውን ከሩቅ ይወረውሩልኝ ነበር። ነጋዴ ነኝና አልተቀየምኳቸውም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሱቄ አላስገባም።

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ እንሸጣለን፣ እኔና እሷ። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እኔ ግን እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ መዋል እምቢ ስላለኝ ሌላው የሸመነውን ወደ መሸጡ ዞርኩ። ዊንጌት ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ በኩል ነው፤ አጥሩ ሥር ማስቲካ እሸጥ ነበር። ዛሬ ሱቃችን ውስጥ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ አለ፤ ከቀሚሱ ጋር የሚሄድ የብር መስቀልና ወርቅ ቅብ ጉትቻም በመስታወት ሳጥን ውስጥ አለ። ዋጋ የምናገረው እኔ ነኝ። የምትሸጠው ግን እሷ ናት። ደንበኛዋን መስታወት ፊት ታቆማትና ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጥለቱን በጣቷ እያስተካከለች፣ "ተይው፣ ይሄ ላንቺ አይሆንም፣ ሚዜዎችሽ ይቀኑብሻል" ስትላት ልጅቷ ቦርሳዋን እየከፈተች ነው። አፏ ብቻ አይደለም፤ እጇ ነው የሚሸጠው። ዘርፉን ስትቋጭ ያያት ሰው ልብሱን ባይፈልግ እንኳ ቆሞ ያያታል።

የሱቃችን ፊት ወደ ፀሐይ ነው። በበጋ በር ላይ ቆማ ስለምትውል ጉንጮቿ ላይ ማዲያት ወጣባት። እኔ አላስተዋልኩም ነበር፤ አለማስተዋሌ ለብቻው ጥፋት ሆኖ ተቆጠረብኝ እንጂ። አዲሱ ገበያ ፀጉሯን የምትሠራላት ሴት ናት አንድ ክሬም ያገኘችላት። ትንሽ ነጭ ብልቃጥ፣ ክዳኗ ወርቃማ፣ ላይዋ ላይ የምትስቅ ሴት ሥዕል ያለባት። የትና ማን እንደሠራት ግን የሚናገር ጽሑፍ የለባትም። ከራት በኋላ ፊቷንና አንገቷን ትቀባለች፣ በመዳፏ የቀረውን የእጇ ጀርባ ላይ ታብሰዋለች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማዲያቱ ጠፋ። ፊቷ እንደ ታጠበ ሸማ ጠራ። ለፋሲካ ገበያ የመጣው ሁሉ "ምን ተቀብተሽ ነው?" ይላት ጀመር። እኔም "ኧረ ቀሚሱን ትተው አንቺን ሊገዙ ነው" አልኳት። ሳቀች።

ከፋሲካ በኋላ ሻዩ መጉደል ጀመረ።

ጠዋት ሱቁን እንደከፈትን ከማዶ ካለችው ሻይ ቤት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። ከሻይ ሻጯ ጋር ሁለት ቃል መለዋወጥ ትወዳለች። አንድ ሰሞን ሻዬ ጎደሎ ሆኖ ይመጣ ጀመር፤ ማንቆርቆሪያው ሥር ያለውን ሸፍጥ አውቃለሁ የምል ሰው ነኝና ሻይ ሻጯን ጠረጠርኩ። እንዲያውም "እመቤቴ፣ ብርጭቆው ጠቧል ወይስ ሻዩ ጠቧል?" ብያታለሁ። ሴትዮዋ ሳህኑን አሳየችኝ። የጎደለው ሁሉ ሳህኑ ላይ ነበር። ባለቤቴ መንገዱን ስትሻገር ብርጭቆዎቹ ሳህናቸው ላይ ይንጫጩ ነበር።

ከዚያ ሌላው ተከተለ። ዘርፍ መቋጨት አቃታት፤ ክሩ ከጣቷ እያመለጠ። እንቅልፍ አጣች። "አፌ ውስጥ ቁልፍ የያዝኩ ይመስለኛል፣ ብረት ብረት ይለኛል" ትለኝ ነበር። ጠዋት ዓይኗ ሥር ታብጣለች፤ ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የካልሲው ጥልፍ ታትሞ ይቀራል። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ቁጣዋ ነው። ያቺ ባለ ማር ምላስ፣ ልብስ የምታገላብጥ ደንበኛ ላይ "ገዢ ካልሆንሽ ምን ታሺዋለሽ? ውጪልኝ!" ብላ ጮኸች። ደንበኛዋ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ክሊኒክ ሄድን። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አለ፣ ኩላሊቷ እያፈሰሰ ነው አሉን። "የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" "የለም።" "የባህል መድኃኒትስ? ቅጠል፣ ሥር የመሰለ?" "ኧረ በጭራሽ!" አልዋሸችም። ወደ ኩላሊት ሐኪም ላኩን፣ ጳውሎስ ሰፈር፤ መድኃኒትም ጀመረች።

ይህን ጊዜ ነው አማቴ ከሱሉልታ የወረዱት። አማቴ አጭር ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ረጅም ነው። ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲጸልዩ በአማርኛ፤ እኔን ሲያናግሩ በሁለቱም።

"ልጄ፣ ሐኪሙ ምን አለ?"

"ኩላሊት ነው ይላሉ፣ እማማ። ከምን እንደመጣ ገና እየፈለጉ ነው።"

"እነሱ እስኪያገኙት እኛ ጸበል እንግባ።"

"መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከሆነ..."

"መድኃኒቱን ማን ከለከላት? ጸበል ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። የሚጣላው ከዚህ ጋር ነው" አሉና የባለቤቴን ቦርሳ አልጋው ላይ ገለበጡት። ሽቶ፣ ሎሽን፣ የከንፈር ቀለም፣ ያቺ ነጭ ብልቃጥ፣ ሁሉም ተዘረገፈ። "እዚያ ሽቶ የለም፣ ቅባት የለም። እግዜር ፊት በገዛ ፊትሽ ነው የምትቀርቢው።"

"እማዬ፣ ክሬሟን ብቻ።"

"ክሬሟን ብቻ? ጸበልተኛ ነሽ ወይስ ሙሽራ?"

እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ እንጦጦው ጥግ ወጡ፣ ጸበሉ አጠገብ ትንሽ ክፍል ተከራዩ። እኔ ከሱቅ መልስ ቆሎና በሶ ይዤ እየወጣሁ እጠይቃት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ያው ነበረች። በኋላ አንድ ቀን ስደርስ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጣ የእናቷን ነጠላ ዘርፍ ትቋጫለች። ክሩ በጣቷ መካከል እንደ ድሮው ይሽከረከራል። ዞር ብዬ ዛፉን ሳይ ቆየሁ፤ ባሕር ዛፍ አይቼ የማላውቅ ይመስል። አማቴ ግን አይለቁም፤ "አየህ?" አሉኝ።

"አየሁ፣ እማማ።"

ኩላሊት ሐኪሟም ሽንቷን መርምራ እየተሻላት ነው፣ መድኃኒቱን ትቀጥል አለች። እኛ ደስታውን ለጸበሉም ለሐኪሟም አካፍለን ቤታችን ገባን። ጎረቤት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ጠየቃት። እጇ ደህና፣ እንቅልፏ ደህና፣ ጉንጯ ላይ ብቻ ማዲያቱ ትንሽ ብቅ ብሎ ነበር።

ጥቂት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ሻዩ እንደገና ጎደለ።

ተመልሰው ወጡ፤ ዳነች። ተመልሳ መጣች፤ ታመመች። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ሲያዳልጥ እኔ ሽቅብ ቁልቁል እመላለሳለሁ። ቁልቁል ስትወርድ ጤነኛ፣ ቤቷ ስትከርም በሽተኛ። ይህን ለመደመር ትምህርት አያስፈልግም፤ አማቴ ደመሩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

"ልጄ፣ አንተ ክፉ ሰው አይደለህም።"

ገበያ ውስጥ ወሬ እንዲህ ሲጀምር ዋጋው ሊነገር ነው። ቁጭ አልኩ።

"ግን ልጄ ካንተ ስትርቅ ትድናለች፣ ስትቀርብ ትወድቃለች። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው እላለሁ። ሁለተኛስ?"

"እማማ፣ እኔ ምን አደረግኩ?"

"ምንም አላደረግህ ይሆናል። አንተ መሆንህ ብቻውን በቅቶ ይሆናል።"

 አንድ ሰው ስለ ሥራው ይከራከራል፤ ስለ ራሱ እንዴት ይከራከራል? ያን ሰሞን ራሴን እንደ ተጠረጠረ ዕቃ አገላብጬ አየሁት። ሳሙናዬን ቀየርኩ። ከፂሜ በኋላ የምቀባውን ሽቶ ተውኩ። መኝታ ቤቱን ለቅቄ ሶፋ ላይ ተኛሁ፤ አልተሻላትም። ይህን እንደ ማስረጃ ላማቴ ሳቀርብ "ሶፋውም ያንተው ነው" አሉኝ።

በመጨረሻ ቁርጡ መጣ። ከዘመን መለወጫ በፊት ባለው እሑድ የባለቤቴ አጎት ከሽማግሌዎች ጋር ይመጣሉ፣ ከዚያ ለጤናዋ ሲባል እናቷ ጋ ሱሉልታ ትገባለች፤ ለጊዜው። እኔ ስንት ዕቃ "ለጊዜው ላቆየው" ተብሎ ከሱቄ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሲመለስ ያየሁት ግን የለም። ባለቤቴን "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አልኳት። "እኔ መዳን ነው የምፈልገው" አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ካንተ ጋር ብድን ነበር ደስ የሚለኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሱቅ ልወጣ ስል የቀለበት ጣቷን በሳሙና አሽታ ቀለበቷን አወለቀችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

"ያዝልኝ።"

"ምነው?"

"ጣቴ አብጧል። ሥጋዬን እየበላኝ ነው።"

ጣቷ በእርግጥ አብጦ ነበር። ቢሆንም ሽማግሌ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ቀለበት የተቀበለ ባል የምለውን ያውቀዋል። ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ በጨርቅ ላይ ጣቴን አድርጌ እየዳሰስኩት ሱቅ ደረስኩ።

ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ድንገት ብቅ አለች። በር ላይ ቆሜ አወጣሁት። የላይኛው ፊቱ ወርቅ ነው። በመዳፍ በኩል ያለው ግን ግራጫ ሆኗል፤ አመድ የነፉበት ይመስላል። በነጠላ ጠርዝ ፈተግኩት፤ አይለቅም። ሌላ ሰው ይዞልኝ ቢመጣ "ወንድሜ፣ ይህ ቅብ ነው፣ በደህና ቀን ሽጠው" ብዬ እመልሰው ነበር። ነገር ግን ይህን ቀለበት ሲቀልጥ ጀምሮ ቆሜ አይቼዋለሁ። የሠራው ከሱቃችን ጀርባ ያለው አንጥረኛ ነው፤ ወዳጄም ተፎካካሪዬም ነው።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ከፍ አድርጎ እያየው። "በነሐስ ነው እንዴ ያገባሃት?"

"አንተ ነህ የሠራኸው።"

"እኔ?" ውስጡን አየ፣ ምልክቱን አወቀው። ሳቁ ጠፋ። በወርቅ መፈተኛ ድንጋዩ ላይ ፈተግ አደረገው፣ እንደገና አየው። እሳቱ አጠገብ ነበርና "ሞቅ አድርገውና እንየው" አልኩት።

"እሳት አላስነካውም። ባዜቃ ነው የያዘው፣ ሜርኩሪ የሚሉት። ወርቅ ባዜቃ ካገኘ ይጠጣል፣ እንዲህ ይገረጣል። ባሞቀው ባዜቃው ተንኖ ይወጣል፤ የምተነፍሰው እኔ ነኝ። የድሮ አንጥረኞች መስቀል በወርቅ የሚለብጡት በሱ ነበር። አጎቴ ከነሱ አንዱ ነው። በስተርጅና እጁ ሻይ አይዝለትም ነበር።"

"እጁ ምን አልክ?"

"ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርጭቆ ሰጥተነው ሳህኑን ነበር የሚጠጣው።" ቀለበቱን መለሰልኝ። "ቴርሞሜትር ሰበራችሁ?"

"ቤታችን ቴርሞሜትር የለም።"

"እንግዲህ ከየት እንደነካት አንተ ታውቃለህ" አለና ወደ ሥራው ዞረ።

እኔ ምንም አላውቅም። የማውቀው ተመላሽ ዕቃን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ለተለያዩ ደንበኞች የሸጥኩት ነጠላ ጥለቱ እየለቀቀ ተመለሰብኝ። ክሩን ሰድቤ፣ ሸማኔውን ሰድቤ ስጨርስ፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ቀሪው ለምን እንደማይለቅ አሰብኩ። ልብሱ እኔ ጋ ሳለ ያልነካው፣ እነሱ ጋ ሲሄድ የነካው ምንድነው? በረኪና ሆኖ ተገኘ። ያንኑ ጥያቄ አሁን ገልብጬ ጠየቅኩ። ባለቤቴ ጸበል ስትሆን የማይነካት፣ ቤቷ ስትገባ የሚነካት ምንድነው? አንደኛ፣ እኔ። እኔን አማቴ ጨርሰውኛል። ሌላስ? ውኃው እዚያም ውኃ ነው። ምግቡን እናቷ ናቸው የሚሠሩት፣ እዚያም እዚህም። እጇን ሳስብ፣ ሲታጠብ፣ ሲቋጭ፣ ሲቀባ፣ አማቴ ቦርሳውን አልጋ ላይ ሲዘረግፉት ታየኝ። እዚያ ቅባት የለም።

ሱቁን በጠራራ ገበያ ዘጋሁት። ሻይ ሻጯ "ምን ሆንክ?" ብላ ጮኸችብኝ፤ በነሐሴ የዘጋ የልብስ ነጋዴ የሞተበት ሰው ነው።

ባለቤቴ አልጋ ላይ ነበረች። ብልቃጧን ከመደርደሪያው አነሳሁ።

"ይህን መቼ ነው የምትቀቢው?"

"አሁን ስለ ክሬም ነው የምታወራው?"

"ጸበል ስትሆኚ ትቀቢዋለሽ?"

"እማዬ ታስቀባኝና?" ከዚያ ገባት፤ ፊቷ ላይ ሲገባ አየሁት። ደግሞ ተቆጣች። "ማዲያቴን ያጠፋልኝ እሱ ብቻ ነው! ሴቱ ሁሉ ይቀባዋል!"

"ቀለበትሽን እይው።"

መስኮቱ ጋ ወስጄ አሳየኋት። አንጥረኛው ያለኝን ነገርኳት፤ የአጎቱን ሻይም ጭምር።  የሚንቀጠቀጠውን እጇን በሌላኛው እጇ ይዛ ነበር።

"እዚያ ሳለሁ" አለች በስተመጨረሻ፣ "ማዲያቱ ይመለስብኝ ነበር። እጄ ግን ደህና ነበር። እንዲህ አድርጌ አላሰብኩትም።" ከዚያ ቀና አለች። "ውሰደውና አስመርምረው። እሱ ካልሆነ ግን ይቅርታ ትጠይቀኛለህ።"

"እሱ ካልሆነ እሑድ ሻንጣሽን እኔ ነኝ የምሸከመው።"

ብልቃጧንም ቀለበቱንም በፌስታል ቋጥሬ፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ቋጥሬ፣ እሷን ደግፌ ታክሲ ተሳፈርን። ኩላሊት ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትስቅብኛለች ብዬ የመልስ ምት አዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀችም። ጓንት አጥልቃ ነው ፌስታሉን የተቀበለችኝ።

"የምወስደው ሌላ ነገር የለም ብላ ነበር" አለች።

"እውነቷን ነው። እኛ ቤት ክሬም መድኃኒት አይባልም።"

"የትም ቤት አይባልም፤ ለዚህ ነው የሚያመልጠን" አለችና ወንበሯን ወደ ባለቤቴ አስጠጋች። ያስረዳችን እንዲህ ነው። ባዜቃ ብቻውን ሲሆን የሚንከባለል ብር ይመስላል። ከሌላ ነገር ጋር ሲዋሃድ ግን ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ካሎሜል የሚሉት አንዱ ነው። ሽታ የለውም፣ ክሬም ውስጥ ሲገባ ማንም አይለየውም። ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ ያግደዋል። "ይሠራል እኮ፤ ማዲያት ያጠፋል። ችግሩ ቆዳ ላይ አይቀርም። ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ላይ ይጠራቀማል፣ ነርቭ ይነካል። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል፣ ያናድዳል።" የባለቤቴ ጎረቤት ሆና የኖረች ይመስል ሕመሙን አንድ በአንድ ጠራችው። ድሮ ሐኪሞች ራሳቸው ይሰጡት ነበር አለችን፤ ሆድ ለማጠብ፣ ለቂጥኝ፣ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ሳይቀር።

"ለሕፃናት?" አለች ባለቤቴ።

"ለሕፃናት። ጉዳቱን ሳያውቁ።"

እኔ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። "ዶክተር፣ ቁጣው ሁሉ ከሱ ነው?"

"ሁሉም አላልኩም" አለች፣ ባለቤቴን እያየች። ሁለቱ ሳቁ። ባለቤቴ ስትስቅ ካየሁ ቆይቼ ስለነበር በኔ ላይ መሳቃቸውን ይቅር አልኩ።

ደምና ሽንት ተሰጠ፤ የኔም ጭምር፤ ክሬሙ በትራስና በፎጣ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ቤተሰቡ ይመርመር ተባለ። ክሬሙን ከዛሬ ጀምሮ ማቆም። ትራሱንና ፎጣውን በፌስታል አሽጎ ማስወገድ፤ ማቃጠል ግን ፈጽሞ አይቻልም፣ ጢሱ ይመርዛል። ብልቃጧን እነሱ አስቀሯት፤ ቀለበቱን በትንሽ የተዘጋ ዕቃ አድርገው መለሱልን። ውጤቱ ጊዜ ይፈልጋል። ያ ማለት ሽማግሌዎቹ ከውጤቱ ይቀድማሉ ማለት ነው።

ቤት ስንደርስ አማቴ ሁሉንም አዳመጡና ትራሱን አንስተው ክብሪት ፈለጉ። ጓሮ ድረስ ሮጬ ነው የደረስኩባቸው።

እሑድ አጎቷ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እኔ ቀድሜ ቀለበቱን ከነዕቃው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ነገሩን ከነማዲያቱ ተናገርኩ።  ስጨርስ አማቴ ክንዳቸውን አጣጥፈው ነበር።

"ታዲያ ጸበሉ አላዳናትም ልትለን ነው?"

ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ። ይህ ጥያቄ ያለ አግባብ ቢመለስ ባዜቃውም አያድነኝም።

"አድኗታል እንጂ፣ እማማ። ሁለት ጊዜ ከዚያች ብልቃጥ የለያት ማን ነው? ሐኪም አልለያትም፣ እኔ አልለየኋትም። እዚያ ቅባት አይገባም ባይባል፣ እርስዎም ቦርሳዋን ባይገለብጡት ኖሮ እስካሁን ምን ትሆን ነበር?"

ይህን ያልኩት ለማባበል የሚመስላቸው አሉ። ትንሽ ለማባበል ነው። ግን እውነት ነው።

አጎቷ "ጥሩ። አሁን ምን ትላለህ?" አለ።

"ሻንጣው ይቆይልኝ። እሷ እዚሁ ቤት ትሁን፣ እኔም እዚሁ፣ አልጋውም ያው፣ ሶፋውም ያው። የሚወጣው ክሬሙ ብቻ ነው። እስከ መስቀል ካልተሻላት በሽታው እኔ ነኝ፤ ሻንጣውን ሱሉልታ ድረስ በራሴ ተሸክሜ አደርሳለሁ።"

"እኔም እዚሁ እሆናለሁ" አሉ አማቴ።

"እማማ፣ ቤትዎ ነው።"

"አውቃለሁ። የምቀመጠው ክሬም ተመልሶ እንዳይገባ ነው። አንተም ተመልሰህ ሶፋ ላይ እንዳትተኛ፤ አንተ እዚያ ተኝተህ እሷ ብትድን፣ የዳነችው ካንተ ርቃ ነው እላለሁ።"

ተስማማን። እንዲህ ያለ ዋስትና ሰጥቼ የሸጥኩት ሌላ ዕቃ የለኝም።

የዘመን መለወጫን ገበያ በግማሽ ልብ ሸጥኩ። አማቴ ቤቱን እንደ ኬላ ይፈትሹት ነበር፤ የኔን የጫማ ቀለም ሳይቀር አሽተዋል። ባለቤቴ መጀመሪያ ያው ነበረች፤ ብልቃጧ ስለሄደች ብቻ እጇ አላቆመም። እኔ በየጠዋቱ ሳላይ መስዬ እጇን አያለሁ፤ እሷም ሳታውቅ መስላ ትደብቃለች። ውጤቱ መጣ። ባዜቃው በሷ ሽንት ውስጥ ከልክ በላይ ነበር፤ ክሬሙም ውስጥ ሞልቷል። ከሰውነቷ የሚያወጣ መድኃኒት ጀመረች፣ የኩላሊቷም ቀጠለ። በኔም ሽንት ውስጥ ጥቂት ተገኘ፤ ከትራሱ ነው፣ በራሱ ይወጣል ብለውኛል። ይህን ስሰማ የተሰማኝ ደስታ ዶክተሯን ግራ ሳያጋባት አልቀረም። እኔ በሽታው አይደለሁም፤ እኔም በሽተኛ ነኝ! ላማቴ ሮጬ ነገርኳቸው።

"ታዲያ አንተም ጸበል ትገባለህ" አሉኝ።

ደመራው ሳይደርስ እንቅልፏ መጣ። ከዚያ የአፏ ብረት ጠፋ። እብጠቱ ጎደለ፤ ካልሲዋ እግሯ ላይ መጻፉን ተወ። አንድ ቀን ልብስ የምታገላብጥ ደንበኛ መጣች፤ እኔ ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ። ባለቤቴ "እሱን ተይው፣ አያምርብሽም፣ ይሄን እይው" አለቻት። ልጅቷ ሁለቱንም ገዛች። አማቴ መስቀልን ውለው ሱሉልታ ተመለሱ። ሲሄዱ ግንባሬን ሳሙኝና "ልጄን አደራ" አሉኝ። ሻንጣ የያዙት የራሳቸውን ነበር።

ፀጉር የምትሠራላትን ሴት ባለቤቴ ራሷ ሄዳ ነገረቻት። ሴትየዋ ራሷም ትቀባው ኖሯል፤ እንቅልፍ የነሳት ዕዳ ይመስላት ነበር። ከሩቅ ሰላም ይሉኝ የነበሩት ጎረቤቶችም አንድ በአንድ፣ ፌስታል በነጠላቸው ሥር ይዘው፣ "እስቲ ይሄስ?" እያሉ መጡ። እኔ ክሬም አላውቅም። ማን እንደሠራው ለመናገር ያፈረ ዕቃ ግን አውቃለሁ፤ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት እነግራቸዋለሁ።

ማዲያቱ ተመልሷል። ባርኔጣ ገዛሁላት፣ ሰፊ፤ በሀገር ልብስ ላይ እንዴት እንደሚያስቅ አትጠይቁኝ። ዶክተሯ ደህና የሆነ ሌላ ነገር አዝዛላታለች፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ። ደንበኛ "ፊትሽን ምን ነካው?" ሲላት "ፀሐይ" ትላለች፤ አዲስ ነገር የሰማሁ ያህል ደስ ይለኛል።

እጇን ማየቴን ግን አልተውኩም። ጠዋት ሻይ ልታመጣ ስትሻገር ልብስ እያጣጠፍኩ መስዬ በመስታወቱ እከተላታለሁ። ለካ ታውቃለች። በዚህ ሰሞን አንድ ጠዋት ሻይ ሻጯን እስከ አፉ አስሞልታ፣ ብርጭቆዎቹን ያለ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ታክሲው ጥሩንባውን ይነፋል፣ ተሸካሚው "መንገድ!" ይላል፣ እሷ ባርኔጣዋን ደፍታ መሀል ለመሀል መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ጠረጴዛው ደረቅ ነበር።

"ይኸው" አለች። "አሁን መስታወቱን ለደንበኞች ተውላቸው።"

ሻዩ በጣም ሞልቶ ስለነበር ላነሳው ስል ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።